በሙከራ ሰፈሮች የተሳካውን የቆሻሻ መለየትና መልሶ መጠቀም መርሐ ግብር ወደ መላው ከተማ እንዴት እናስፋፋው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ መካከለኛ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ በደረቅ ቆሻሻ አስተዳደር ክፍል ውስጥ በዕቅድ ሥራ ላይ እገኛለሁ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት በተመረጡ ሰፈሮች ነዋሪዎች ወረቀት፣ ካርቶን፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ብርጭቆ ከሌላው ቆሻሻ ለይተው እንዲያወጡ የሚያደርግ የሙከራ መርሐ ግብር ስናካሂድ ቆይተናል። ተሳትፎው ከጠበቅነው በላይ ሆኗል፤ ቅሬታውም ጥቂት ነው። የከተማው ምክር ቤት በዚህ በመደሰቱ መርሐ ግብሩ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት መላውን ከተማ እንዲያዳርስ አሳስቧል። እስካሁን የቀረበው ረቂቅ ዕቅድ ግን በአብዛኛው የተሽከርካሪና የማጠራቀሚያ ገንዳ ግዥ ዝርዝር ነው።

የሚያሳስበኝ የሙከራ ሰፈሮቹ ከሌላው የከተማው ክፍል ጋር የማይመሳሰሉ መሆናቸው ነው። በሰፈሮቹ ውስጥ ያሉት ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ነጠላ ቤቶች ሲሆኑ፣ ነዋሪዎቹም ወደ መርሐ ግብሩ የገቡት በፈቃደኝነት ነው። የቀረው የከተማው ክፍል የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች፣ የገበያ አካባቢዎችና መኪና የማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች አሉት። ከዚህም በላይ ከእኛ በፊት ጀምሮ ካርቶንና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በረቂቁ ውስጥ ስለ እነርሱ የተጻፈ አንድም መስመር የለም።

ስለዚህ ከማስፋፋቱ በፊት የግድ ሊታወቅ የሚገባው ምን እንደሆነ፣ ሁሉንም ደረቅ ቁስ በአንድ ገንዳ መሰብሰብ ይሻል ወይስ በየዓይነቱ መለየት፣ ወጪውስ በዘላቂነት ከየት ሊሸፈን እንደሚችል ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ፦ በደረቅ ቆሻሻ ዕቅድ ላይ ከሚሠራ ባለሙያ

ጥያቄው ግዥው ከመፈጸሙ በፊት መነሣቱ መልካም ነው፤ ብዙ ከተሞች ይህን የሚጠይቁት ገንዳው በየደጃፉ ከተቀመጠ በኋላ ነውና።

እኔ ብሆን ዕቅዱን ከነዋሪው ደጃፍ ሳይሆን ከመጨረሻው ገዥ በር እጀምረዋለሁ። ወረቀቱ ወይም ጠርሙሱ መልሶ ጥቅም ላይ ዋለ ሊባል የሚችለው አንድ ፋብሪካ ተቀብሎ ሌላ ዕቃ ሲሠራበት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያለው በጥንቃቄ የተያዘ ቆሻሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቁስ ዓይነት ማን እንደሚገዛው፣ በወር ምን ያህል መቀበል እንደሚችል፣ ምን ያህል ንጽሕና እንደሚጠይቅ፣ ተጨምቆና ታስሮ ነው ወይስ ልቅ ሆኖ እንደሚቀበለው፣ መጋዘኑስ ምን ያህል እንደሚርቅ በጽሑፍ የሰፈረ መልስ ሊኖርዎት ይገባል። ገዥ ያልተገኘለት ቁስ፣ ነዋሪው የቱንም ያህል እንዲወሰድለት ቢፈልግ፣ ከተቀባይነት ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የለበትም። አዲስ ዓይነት በኋላ መጨመር ቀላል ነው፤ አንዴ አምጡ ካሉት በኋላ አታምጡ ማለት ግን የሕዝቡን እምነት ይሸረሽራል።

ይህ ጥንቃቄ የበዛ የሚመስለው ካለ እ.ኤ.አ. በ2018 የሆነውን መለስ ብሎ ማየት ይበቃዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከአገር ወደ አገር ከተላከው የዓለም የፕላስቲክ ቆሻሻ 45 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ስትቀበል ኖራለች። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ግን 24 ዓይነት ቆሻሻዎች ወደ ግዛቷ እንዳይገቡ እንደምትከለክል ለዓለም ንግድ ድርጅት አሳወቀች፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ክልከላው ሲጸና፣ ካልተከለከሉትም ውስጥ ለአብዛኞቹ ከቁሱ ጋር የሚደባለቀው ባዕድ ነገር ጣሪያው 0.5 በመቶ እንዲሆን ተደረገ። ሁሉን በአንድ ገንዳ ሲሰበስቡ ለኖሩ ከተሞች ይህ ልክ ሊደረስበት የማይችል ነበር። በአሜሪካ የምትገኘው ፊላደልፊያ ለተወሰነ ጊዜ ነዋሪዎቿ ለይተው ካወጡት ቁስ ግማሽ ያህሉን ወደ ማቃጠያ ለመላክ ተገድዳለች። ገንዳው ነበረ፣ መኪናው ነበረ፣ ነዋሪውም ይለይ ነበር፤ የጎደለው በመጨረሻው በር ላይ የሚቀበል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውና ከ2021 መግቢያ ጀምሮ የጸናው፣ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር የሚገዛው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት ማሻሻያም ያልጠራ ፕላስቲክ ወደ ሌላ አገር የሚላከው በተቀባዩ አገር ቅድመ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ስላደረገ፣ ቁሱን ወደ ሩቅ ልኮ መገላገል እንደ አማራጭ ሊታሰብ አይገባውም።

ከገዥው ቀጥሎ የቆሻሻውን ይዘት ማወቅ ይመጣል። ይህ በግምት ወይም ከሌላ ከተማ ሰነድ በተቀዳ አኃዝ ሊተካ አይችልም። ከየአካባቢው የመጣ ቆሻሻ ተራግፎ በእጅ እየተለየ ይመዘናል፤ ኤኤስቲኤም ዲ5231 የተባለው በሰፊው የሚሠራበት ደረጃ እያንዳንዱ ናሙና ከ91 እስከ 136 ኪሎግራም እንዲሆን ይጠይቃል። ዋናው ነገር ናሙናው ከነጠላ ቤቶች፣ ከጋራ ሕንፃዎች፣ ከገበያና ከመሥሪያ ቤቶች ለየብቻ መወሰዱና በተለያዩ ወቅቶች መደገሙ ነው። የሙከራ ሰፈሮቹን ውጤት በከተማው ሕዝብ ቁጥር አባዝቶ የመላውን ከተማ ምርት መተንበይ፣ እርስዎም እንደ ጠረጠሩት፣ ዕቅዱን ከመነሻው ያጣምመዋል። በፈቃዱ የገባ ሰው ሳይጠየቅ ከተጨመረ ሰው የተሻለ እንደሚለይ ግልጽ ነው።

አሁን ወደ አንድ ገንዳ ወይስ ብዙ ገንዳ ወደሚለው ልምጣ። ሁሉንም ደረቅ ቁስ በአንድ ገንዳ መሰብሰብ ለነዋሪው ይቀለዋል፤ ለሰብሳቢውም አንድ ጉዞ ይበቃዋል፤ የሚሰበሰበው መጠንም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ነገር ግን የዳነው ወጪ አይጠፋም፤ ወደ መለያ ማዕከሉ ይዛወራል እንጂ። ብርጭቆ በሚጨምቅ መኪና ውስጥ ሲሰበር ስባሪው በወረቀቱ ውስጥ ይሰገሰግና ሁለቱንም ያረክሳቸዋል። ስስ የፕላስቲክ ከረጢትና ፌስታል በመለያ ማሽኑ የሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ ስለሚጠመጠም ሠራተኞች ማሽኑን እያቆሙ በቢላ ይቆርጡታል። ባትሪ፣ በተለይም ሊቲየም ያለበት፣ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሣል፤ በተሽከርካሪዎችና በመለያ ማዕከሎች ላይ ለሚደርሰው ቃጠሎ አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ዘመናዊ የመለያ ማዕከል ለሌለው ከተማ የእኔ ምክር ቢያንስ ብርጭቆን ከገንዳው ማውጣትና በተወሰኑ ቦታዎች በሚቆሙ የሕዝብ ማጠራቀሚያዎች መሰብሰብ፣ ቢቻል ደግሞ ወረቀትና ካርቶንን በአንድ ወገን፣ ጠርሙስና ቆርቆሮን በሌላ ወገን አድርጎ በፈረቃ ቀን መውሰድ ነው።

ቁሶቹ እኩል ዋጋ እንደሌላቸውም ምክር ቤቱ ቢረዳው ይጠቅማል። አሉሚኒየም ከማዕድን ከማውጣት ይልቅ ከአሮጌ ቆርቆሮ ሲሠራ 95 በመቶ ገደማ ኃይል ይቆጥባል፤ በዚህም ምክንያት ገዥ አያጣም። ንጹሕና ደረቅ ካርቶንም እንዲሁ ነው። ወረቀት በእያንዳንዱ ዙር የተሠራበት ቃጫ እያጠረ ስለሚሄድ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚመላለሰው፤ ከረጠበ ወይም ቅባት ከነካው ደግሞ ለመጀመሪያው ዙርም አይበቃም። የመጠጥ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የተባለው ፕላስቲክ ጥሩ ገበያ አለው፤ ሆኖም ሳይጨመቅ ከተጫነ መኪናው የሚያመላልሰው አየር ነው። ብርጭቆ ያለ ጥራት መጓደል ደጋግሞ ሊቀልጥ የሚችል ቁስ ነው፤ ከባድና ርካሽ በመሆኑ ግን ፋብሪካው ሩቅ ከሆነ የማጓጓዣው ወጪ ከዋጋው ይበልጣል። ብዙ ንብርብር ያላቸው ማሸጊያዎች ለአብዛኛው ከተማ ለጊዜው የሚተዉ ናቸው።

ምላሽ፦ በውልና በፋይናንስ ሥራ ላይ ካለ አንባቢ

ከላይ የተጻፈው ስለ ቁሱ ነው፤ እኔ ስለ ገንዘቡና ስለ ውሉ ልጨምር።

በመጀመሪያ መርሐ ግብሩ ከሽያጭ በሚገኘው ገቢ ራሱን ይችላል የሚል ዓረፍተ ነገር በረቂቁ ውስጥ ካለ ይሰረዝ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የደረቅ ቆሻሻ አገልግሎት በአማካይ ከማዘጋጃ ቤቶች በጀት 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ መልሶ መጠቀም ይህን ሸክም በከፊል ሊያቃልል ይችላል እንጂ ወደ ትርፍ አይለውጠውም። ትክክለኛው ስሌት የሽያጩን ገቢ ብቻ ሳይሆን ወደ ማስወገጃ ቦታ ባለመሄዱ የተረፈውን የማጓጓዣና የማስወገጃ ወጪ፣ እንዲሁም የማስወገጃው ዕድሜ በመራዘሙ የሚገኘውን ጥቅም የሚያካትት ነው። ማስወገጃው ገደል ከሆነና ማንም ለመድፋት የማይከፍል ከሆነ ደግሞ ይህ ቁጠባ በወረቀት ላይ አይታይም፤ መልሶ መጠቀምም ሁልጊዜ ውድ መስሎ ይቀርባል። ስለዚህ የማስወገድን እውነተኛ ዋጋ ሳያሰሉ ስለ መልሶ መጠቀም ዋጋ መከራከር ፍሬ የለውም።

የቁሶች ዋጋ ከነዳጅና ከዓለም ገበያ ጋር ይዋዥቃል። በጨረታ ላይ ዋጋው ከፍ ባለበት ወቅት ከተማው ሁሉንም ገቢ ለተቋራጩ ከሰጠ በኋላ ይጸጸታል፤ ተቋራጩ ደግሞ ሁሉንም የዋጋ ሥጋት ከተሸከመ ገበያው በወደቀ ጊዜ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። የማቀነባበሪያ ክፍያው ለብቻው ተቆርጦ፣ የሽያጩ ገቢ ደግሞ በታወቀ የዋጋ መለኪያ መሠረት በመቶኛ ለሁለቱ ወገኖች የሚካፈልበት ውል ለሁለቱም የተሻለ ነው። የባዕድ ነገር መጠን እንዴት እንደሚለካ፣ ናሙናውን ማን እንደሚወስድና ልዩነት ሲፈጠር ማን እንደሚዳኝ በውሉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይጻፍ፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ ክርክሮች የሚነሡት ከዚህች አንቀጽ ነው። በተለይ እንዲጠነቀቁበት የምመክረው ከተማው በዓመት ይህን ያህል ቶን አቀርባለሁ፣ ካላቀረብኩም እከፍላለሁ ብሎ የሚገባው ግዴታ ነው። እንዲህ ያለ ውል፣ በተለይ ከማቃጠያ ተቋም ጋር ሲሆን፣ ከተማው ቆሻሻን በመቀነሱ የሚቀጣበት ሁኔታ ይፈጥራል።

ስለ ገቢ ምንጭ ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1995 ጀምሮ ነዋሪው የማይለየውን ቆሻሻ በመጠኑ ዋጋ በሚከፈልበት ከረጢት ብቻ እንዲያወጣ አድርጋለች፤ ለይቶ ያወጣው ግን ያለ ክፍያ ይወሰድለታል። ለመለየት የሚያነሣሣ ግልጽ ምክንያት ነው፤ ሆኖም ቁጥጥር በላላበት ከተማ ሰው ክፍያውን ሽሽት ቆሻሻውን በሌሊት ወንዝ ዳር ሊጥል ይችላል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው የማሸጊያ ደንብ ደግሞ የመሰብሰብና የመለየቱን ወጪ ማሸጊያውን ወደ ገበያ በሚያወጡት ድርጅቶች ላይ ጥላለች። ይህ የአገር ሕግ እንጂ የከተማ ውሳኔ አይደለም፤ ከተማው ግን ሕጉ ሲረቀቅ ስለ ወጪው ትክክለኛ መረጃ ይዞ መቅረብ ይችላል፤ ይገባዋልም። ሦስተኛው ገዥው ሲገዛ አስይዞ ባዶውን ሲመልስ የሚቀበለው የጠርሙስ መያዣ ገንዘብ ነው። ሊቱዌኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ከጀመረች በኋላ ቀድሞ ሲሶ ገደማ የነበረው የጠርሙስ ተመላሽ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ90 በመቶ አልፏል።

ስለ መያዣው ገንዘብ ብዙዎች የማያነሡት ነገር አለ። እንዲህ ያለው ሥርዓት ሲቋቋም ዋጋ ያላቸው ጠርሙሶችና ቆርቆሮዎች ከከተማው ገንዳ ወጥተው ወደ መመለሻ ቦታዎች ይሄዳሉ፤ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚተርፈው ርካሹ ቁስ ነው። አገሪቱ በቅርቡ እንዲህ ያለ ሕግ ልታወጣ የምታስብ ከሆነ፣ በጠርሙስ ሽያጭ ላይ የተመሠረተ የአሥር ዓመት ውል አሁን መፈረም አይመከርም።

ምላሽ፦ ከቆሻሻ ለቃሚዎች ማኅበራት ጋር ከምትሠራ

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ከጠያቂው ሐሳብ ውስጥ ትልቁ ነገር ግን ገና አልተነካም። በረቂቁ ውስጥ ስለ ለቃሚዎች አንድም መስመር የለም ብለዋል። እነዚህ ሰዎች የከተማው የመልሶ መጠቀም ሥርዓት ናቸው። የትኛው መጋዘን ምን እንደሚገዛ፣ በየትኛው ሰፈር የትኛው ቀን ካርቶን እንደሚበዛ፣ ዋጋ መቼ እንደሚወድቅ ከማንም አማካሪ ድርጅት ይልቅ ያውቃሉ። የመጀመሪያው ባለሙያ የጠየቁት የገበያ ጥናት ግማሹ በእነርሱና በቆራሌዎች ቃል ይገኛል።

ማዘጋጃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ገንዳ አስቀምጦ ለአንድ ድርጅት በብቸኝነት ሲሰጥ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ድሆች ከእንጀራቸው ይፈናቀላሉ። ሁለተኛ፣ ለቃሚው ከገንዳው ውስጥ አሉሚኒየሙንና ጠርሙሱን ሌሊት ስለሚወስደው ተቋራጩ የጠበቀውን ገቢ አያገኝም፤ ከዚያም ካሳ ይጠይቃል፤ ከተማው ደግሞ ለቃሚውን በደንብ አስከባሪ ያሳድዳል። ማንም የማያተርፍበት ጭቅጭቅ ነው።

በሕንድ የፑኔ ከተማ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነው። ስዋች የተባለው፣ ሙሉ በሙሉ በለቃሚዎቹ ባለቤትነት የሚተዳደር የኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከከተማው አስተዳደር ጋር በገባው ስምምነት ቤት ለቤት ቆሻሻ ይሰበስባል፤ ነዋሪው በየወሩ የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላል፤ ሰብሳቢዎቹም ከለዩት ደረቅ ቁስ ሽያጭ የሚገኘውን ገቢ ለራሳቸው ይወስዳሉ። በኮሎምቢያ ቦጎታ ለቃሚዎች ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክረው ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት መብታቸውን ካጸና በኋላ፣ ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለሰበሰቡት ቁስ በሚዛን እየለካ የአገልግሎት ክፍያ መክፈል ጀምሯል። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የደረቅ ቆሻሻ ፖሊሲ ሕግ የለቃሚዎች ማኅበራት በከተሞች መርሐ ግብር ውስጥ እንዲካተቱ ደንግጋለች።

የቦጎታው አሠራር አንድ ቁም ነገር አለው። ለቃሚው ከዚህ ቀደም የሚያገኘው የቁሱን ዋጋ ብቻ ነበር፤ ቆሻሻውን ከመንገድ በማንሣቱ ከተማውን ያተረፈው ገንዘብ ግን አይከፈለውም ነበር። ይህን ሥራ ድርጅት ቢሠራው ኖሮ ክፍያ ይጠይቅበታል። ስለዚህ የለቃሚዎቹን ማካተት እንደ በጎ አድራጎት የሚመለከቱ የምክር ቤት አባላት ካሉ፣ ያልተከፈለ የአገልግሎት ዕዳ መኖሩን ያስታውሷቸው።

መኪና የማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች አሉ ላሉትም መልሱ ያለው እዚሁ ላይ ነው። በእጅ ጋሪ ወይም በሦስት እግር ተሽከርካሪ የሚሠራ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ማኅበር ከተማው ሊገዛው ካሰበው ትልቅ መኪና በተሻለ እዚያ ይደርሳል። ማኅበሩ የሚያስፈልገው የተከለለ መለያ ቦታ፣ ሚዛን፣ መጭመቂያ ማሽን፣ ጓንትና ጫማ እንዲሁም ወቅቱን ጠብቆ የሚከፈል ክፍያ ነው። የመጨረሻውን ደግሜ ላጠንክረው፤ ለቃሚ በዕለት ገቢ የሚኖር በመሆኑ፣ ክፍያው በሦስተኛው ወር የሚመጣ ከሆነ ማኅበሩ በመጀመሪያው ወር ይፈርሳል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የለቃሚዎቹ ጉዳይ በረቂቁ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ምክር ቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ 50 በመቶ የሚሆነውን ቆሻሻ መልሶ የመጠቀም ግብ እንዲቀመጥ ይፈልጋል፤ ይህ ከደረቅ ቁስ ብቻ ሊገኝ ይችላልን? ደግሞም የጋራ ሕንፃዎችን በተመለከተ ማን ምን እንዳወጣ በማይታወቅበት ሁኔታ ጥራትን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ምላሽ፦ በኮምፖስት ሥራ ላይ ከተሠማራ

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አይቻልም የሚል ነው፤ ምክንያቱም በዓለም ደረጃ ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ትልቁ ክፍል የሚበሰብሰው ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የዓለም ባንክ ጥናት የምግብ ትራፊና የአትክልት ቅሪት ከዓለም የከተሞች ቆሻሻ 44 በመቶውን እንደሚይዝ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮችም ከግማሽ እንደሚበልጥ ያሳያል። መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ደግሞ በዓለም አማካይ 13.5 በመቶ፣ ወደ ኮምፖስት የሚሄደው 5.5 በመቶ ነው። ይህን ይዞ ወረቀትና ጠርሙስ በመሰብሰብ ብቻ ወደ 50 በመቶ እንደርሳለን ማለት ራስን ማታለል ነው።

በዚህ ረገድ ከመጀመሪያው ባለሙያ ጋር በቅደም ተከተሉ አልስማማም። እኔ የምጀምረው ከሚበሰብሰው ነው። እርጥቡ ከደረቁ ሲለይ ደረቁ በራሱ ንጹሕ ይሆናል፤ ወረቀቱን የሚያረጥበው፣ ጠርሙሱን የሚያገማው፣ ለቃሚውንም የሚያሳምመው ይኸው እርጥብ ነውና። በማስወገጃ ቦታ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን ጋዝ የሚያወጣውም እርሱ ነው። ሚላን ከ1.3 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያላት፣ አብዛኛው ነዋሪዋም በጋራ ሕንፃ የሚኖርባት ከተማ ሆና የምግብ ትራፊን ለይታ ለመሰብሰብ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ከአንድ የከተማዋ ሩብ ጀምራ በ2014 አጋማሽ መላውን ከተማ አዳርሳለች። አራቱን ክፍሎች ተራ በተራ መያዟን ልብ ይበሉልኝ፤ ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው፤ በአንድ ጊዜ ግን አልነበረም።

ማሳሰቢያ ልጨምር። ኮምፖስት ውስጥ የገባ የፕላስቲክ ቁራጭ አይወጣም፤ ገበሬውም ስባሪ ብርጭቆ ያለበትን አፈር በነፃም ቢሰጡት አይወስድም። ስለዚህ ከገበያና ከአትክልት መሸጫ ቦታዎች መጀመር ይሻላል፤ እዚያ የሚወጣው ቆሻሻ ብዙ፣ በአንድ ቦታ የሚገኝና ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው፤ ከቤት ለቤት መሰብሰብም ይልቅ ይረክሳል።

ምላሽ፦ የመጀመሪያው ባለሙያ በድጋሚ

ከገበያ ቦታዎች ይጀመር የሚለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ከየቤቱ የሚሰበሰበው የሚበሰብስ ቆሻሻ ግን ማቀነባበሪያው ተሠርቶ፣ ተሞክሮ፣ ገበሬው ኮምፖስቱን ተቀብሎ ካረጋገጠ በኋላ ይምጣ ባይ ነኝ። እርጥብ ቆሻሻ እንደ ካርቶን በመጋዘን ቆሞ ገዥ አይጠብቅም፤ በሁለተኛው ቀን ሰፈሩን ሁሉ ያስመርራል፤ መርሐ ግብሩም በዚያው ይጠላል።

ግቡን በተመለከተ ከመቶኛው በፊት ምን በምን ተካፍሎ እንደሚገኝ ይወስኑ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጉን ሲያሻሽል ለ2025 55 በመቶ፣ ለ2030 60 በመቶ፣ ለ2035 65 በመቶ ብሎ ከመወሰኑ ጋር የሚቆጠረው የተሰበሰበው ሳይሆን ከተለየ በኋላ በእርግጥ ወደ መልሶ ማምረት ሂደት የገባው እንዲሆን አድርጓል። በዚህ አቆጣጠር የበርካታ አገሮች ውጤት ቀድሞ ከሚነገረው ዝቅ ይላል። ከተማዎም በዚሁ ልክ ቢቆጥር በምክር ቤቱ ፊት የሚቀርበው ቁጥር ያነሰ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዓመት በኋላ የሚያሳፍር አይሆንም። ከመቶኛው ጎን ለጎን በነፍስ ወከፍ ወደ ማስወገጃ የሄደውን ኪሎግራም ይመዝግቡ። ሰዎች አነስተኛ ቆሻሻ ማውጣት ሲጀምሩ የመልሶ መጠቀም መቶኛው ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ውድቀት መስሎ እንዳይታይ ሁለተኛው መለኪያ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጊዜ ለምክር ቤቶች የጃፓኗ ካሚካትሱ እንደ አርአያ ትቀርባለች፤ ነዋሪዎቿ ቆሻሻቸውን ከ40 በሚበልጡ ዓይነቶች ይለያሉ፤ 80 በመቶ ገደማውንም መልሰው ይጠቀማሉ። ድንቅ ነው፤ የሕዝቧ ቁጥር ግን ከ1,500 ያነሰ ነው፤ ነዋሪውም ቁሱን ራሱ ወደ መለያ ቦታው ያመጣል። ለእርስዎ ከተማ የሚጠቅመው በሦስት ወይም በአራት ዓይነት መለየት፣ እርሱንም ሳያቋርጡ መቀጠል ነው።

በጋራ ሕንፃዎች ያለው ችግር እርስዎ እንዳሉት የባለቤትነት አለመታወቅ ነው። ክፍት የሆነ ትልቅ ገንዳ በጓሮ ከቆመ የሁሉም ቆሻሻ መጣያ ይሆናል። ክዳኑ ለጠርሙስ የሚበቃ ክብ ቀዳዳ፣ ለካርቶን ደግሞ ቀጭን ስንጥቅ ያለው ገንዳ ማንም ሳይጠብቀው ብዙውን ስሕተት ይከላከላል። የመልሶ መጠቀሚያው ገንዳ ሁልጊዜ ከሌላው ቆሻሻ ገንዳ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ይቁም፤ አንዱ በር ላይ ሌላው ጓሮ ከሆነ ሰው የቀረበውን ይጠቀማል። ከሕንፃው ጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ጋር በጽሑፍ ስምምነት ተደርጎ ለሥራው ክፍያ ቢታሰብለት ደግሞ ከማንኛውም በራሪ ወረቀት ይልቅ ውጤት ያመጣል። በነጠላ ቤቶች ሰብሳቢው ክዳኑን ከፍቶ አይቶ፣ ያልሆነ ነገር ካለበት ምክንያቱን የሚገልጽ ካርድ አንጠልጥሎ ገንዳውን ሳያነሣ መሄዱ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ይህ የሚሠራው ግን ካርዱ ከተሰጠ በኋላ በሚቀጥለው ዙር ያው ሠራተኛ ተመልሶ ካየ ነው።

ለማስፋፋቱ ቅደም ተከተል ከተማውን በመስተዳድር ወሰን ሳይሆን በመሰብሰቢያ መስመር ይከፋፍሉት። ቀጣዩ ክፍል የሚጨመረው ያለፈው ክፍል የባዕድ ነገር መጠኑ ገዥው ከሚቀበለው ልክ በታች ሲሆንና መለያ ቦታው የመጣለትን በዕለቱ ማስተናገድ ሲችል ይሁን፤ ይህም በምክር ቤቱ ውሳኔ ውስጥ በቃል ሳይሆን በአንቀጽ ይግባ። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሆነ ተብሎ አንድ የጋራ ሕንፃዎች አካባቢና አንድ መኪና የማይገባበት ሰፈር ይካተቱ፤ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ያቆየ ዕቅድ በጀቱ ሲያልቅ እዚያው ላይ ይቆማል። ከግዥ ዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ከአንድ መኪና በፊት የመኪና ሚዛን ያስቀድሙ፤ የሚገባውና የሚወጣው በማይመዘንበት ቦታ ከላይ የተባለውን አንዱንም ማስፈጸም አይቻልም።